ከግማሽ በታች ይጣል

ኅዳር 9 ቀን 1976፣ ደብረ ታቦር

አዲሱ ቅጽ ዛሬ ደረሰ። ከአዲስ አበባ በካርቶን ታሽጎ ነው የመጣው፤ ወረቀቱ ነጭና ጠንካራ ነው። ሞላ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረውና «ከአሁን በኋላ በዚህኛው ነው» አለኝ። የክፍሉ ኃላፊ ከሆነ ገና መንፈቅ አልሞላውም፤ ወረቀት አወራወሩ ግን የአሮጌ ሹም ነው።

በድሮው ቅጽ የሰብል ክብደት የሚጻፍበት ረዘም ያለ መስመር ነበር። ሚዛኑ 1.35 ካለኝ 1.35 እጽፍ ነበር። በአዲሱ ሁለት ትናንሽ ሳጥኖች አሉ፤ ለአንድ ሳጥን አንድ አኃዝ። ነጥብ የሚገባበት ቦታ የለም። ከግርጌው እንዲህ ታትሟል፦ «በሙሉ ኪሎ ይሞላ። ከግማሽ በታች ይጣል፤ ግማሽና ከግማሽ በላይ ወደ አንድ ይጠጋ።»

«ጓድ ሞላ፣ እኛ የምንመዝነው ጆንያ አይደለም» አልኩት። «በዕጣ ከወጣ ማሳ ላይ አራት ሜትር በአራት ሜትር አጭደን፣ የእሷን ፍሬ ነው የምንመዝነው። ዘንድሮ ከዚያች ላይ ኪሎ የሚሞላ ጤፍ አይገኝም።»

«ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ሙሉ ቁጥር ነው።»

«ኮምፒዩተሩ ጤፍ አይቶ ያውቃል?»

 በሩ አጠገብ የሚቀመጡት ሁለቱ ጸሐፊዎች ሳቁ። የሳቁት በእኔ ይሁን በእሱ አላወቅኩም።

ኅዳር 11

ለሞላ ማስታወሻ ጻፍኩለት። ከአሥራ ስድስት ካሬ ሜትር የተገኘው ፍሬ የሄክታር ምርት የሚሆነው በ625 ተባዝቶ ነው። 0.50 ኪሎ ወደ 1 ሲጠጋ በሄክታር ከሦስት ኩንታል በላይ ማንም ያላመረተው ጤፍ ይፈጠራል። 0.45 ሲጣል ደግሞ ገበሬው ያጨደው ጤፍ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከዚህ በላይ እንዴት ግልጽ ይደረጋል?

ከሰዓት በኋላ ማስታወሻው ተመለሰልኝ። ከላዩ በቀይ እስክሪብቶ «ታይቷል» ይላል፤ ሌላ ቃል የለበትም። ኋላ በኮሪደሩ ሲያልፍ ለአንዱ ሲነግረው ሰማሁ፦ «ሴትዮዋ ነጥብ ካልበላች አታድርም።»

ታኅሣሥ 4

ዛራ። ወደ እብናት በሚወስደው መንገድ ከወንዙ ወዲህ ያለው ገበሬ ማኅበር ነው። በዕጣ የወጡት አምስት ማሳዎች ኅዳር ውስጥ ታጭደው፣ ነዶው ደርቆ፣ ዛሬ ተወቅቶ ተመዘነ።

ውሻ ለቀቁብን። ሹፌሩ ከላንድሮቨሩ አልወርድም አለ። ሊቀ መንበራቸው ታመመ ተባለ፤ ከአጥሩ ጀርባ ቆሞ ሲያየን ግን አይቼዋለሁ። አንዲት ሴት ጤፉን በዱላ እየወቃች ከዱላው ጋር እኔንም ትወቃኝ ነበር፦ «ይቺ ናት! ጎተራችንን ለመንግሥት የምትነግረው ይቺ ናት! እናቷ ለዚህ ነው ያስተማረቻት?» ፍሬውን አንጓልላ አንጠርጥራ፣ አንዲት ቅንጣት እንኳ እንዳትተርፍበት ሰፌዱን አራግፋ ሰጠችኝ። እኔም እንደዚያው መዘንኩ።

0.45፣ 0.40፣ 0.45፣ 0.40፣ 0.35።

የሚዛኑ መርፌ ዘንድሮ ወደ ታች ነው የሚያየው። ስንሄድ ድንጋይ ወረወሩ፤ የኋላውን መብራት ሰበሩት። ሞላ ከደመወዜ ይቆረጥ እንደሚል አውቃለሁ።

ታኅሣሥ 7

ጥቁር ውኃ። ከዛራ የሚለየው ወንዙ ብቻ ነው፤ አፈሩ ያው፣ ዝናቡም የጠፋው እኩል ነው።

ሊቀ መንበሩ አባ እሸቴ መንገድ ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። ሽማግሌ ናቸው፤ ሲናገሩ ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ። «ልጄ፣ ዛራዎች በድንጋይ ሸኟችሁ አሉ። እኛ ድንጋዩን ለአጥር እንፈልገዋለን» አሉኝ። ሳቅሁ። በዚህ ወር የሳቅሁት ያኔ ብቻ ይመስለኛል።

መጀመሪያ የውዴ ማሳ ነበር። ባሏ ካቻምና የሞተባት ሴት ናት። ወቃች፣ አነፈሰች፣ በትንሿ ከረጢት አድርጋ ሰጠችኝ። ሚዛኑ ላይ ሰቀልኩት። 0.45። ለመጻፍ ጎንበስ ስል እጇን ከጓዳ ባወጣችው እንቅብ ውስጥ ሰደደችና አንድ ጭብጥ ጤፍ ከረጢቱ ላይ ጨመረችበት።

«እትዬ ውዴ፣ አይጨመርም! የሚመዘነው ከካሬዋ የወጣው ብቻ ነው።»

«ምን ሆነሻል፣ ጠፍጣፋ ልክ ለሰው ይሰጣል እንዴ?» አለች። «ከእኔ ቤት ምርቃት የሌለው እህል ወጥቶ አያውቅም።»

«እኔ አልወስደውም እኮ። መዝኜ መልሼ እሰጥሻለሁ።»

«ታዲያ ይብስ! የማትወስጂውን መመረቅ ምን ይከብደኛል?»

የጎረቤት ሴቶች ሳቁ። መልሼ ላወጣው እጄን ወደ ከረጢቱ ስሰድ አባ እሸቴ ክንዴን ነካ አደረጉኝ። «ተይ ልጄ፣ እጇን አትመልሺባት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ደጇን እንግዳ የረገጠው ዛሬ ነው።»

መርፌው 0.55 ላይ ቆመ። ያየሁትን ጻፍኩ። መርፌው የቆመበትን ከመጻፍ ሌላ ሥራ የለኝም።

ወሬው ቀድሞኝ ሄዶ ኖሮ ሌሎቹ አራቱ እንቅባቸውን አውጥተው ጠበቁኝ። ባል ከሞተባት ሴት አንሶ መታየት የፈለገ አልነበረም። 0.50፣ 0.60፣ 0.55፣ 0.50።

የባቄላ ቆሎ አበሉን። የራሳቸው ልጆች ቆመው ሲያዩን ነው የበላነው።

ታኅሣሥ 8

የትናንቱን የመስክ ወረቀት ደግሜ አየሁት። ልክ ነው። ስርዝ ድልዝ የለበትም።

መመሪያው «ከካሬው የወጣው ብቻ» ይላል። አውቃለሁ፤ ለሌሎቹ መዛኞች ያስተማርኩት እኔ ነኝ። መመሪያውን የጻፈው ሰው ግን ውዴ ደጅ ተቀምጦ አያውቅም።

ታኅሣሥ 13

ቅጹን ሞላሁ። ዛራ፦ 0፣ 0፣ 0፣ 0፣ 0። ጥቁር ውኃ፦ 1፣ 1፣ 1፣ 1፣ 1።

እጄ እምቢ አለኝ። ከሳጥኖቹ ጎን፣ በኅዳጉ ላይ፣ እውነተኛውን ክብደት በትናንሽ አኃዝ ጻፍኩ። ሞላ አየውና ወረቀቱን ለሁለት ቀደደው።

«ቅጽ አቆሽሸሻል። ለኮምፒዩተሩ ካርድ የሚበሱት ልጆች በዚህ ይሳሳታሉ።»

«የሚበሱት ልጆች ካልተሳሳቱ ነው ስህተቱ የሚገባው።»

«ጓድ ፈንታነሽ፣ አንቺ ከመሣሪያው ጋር ነው ጠብሽ ወይስ መሣሪያውን ካመጣው ጋር?»

ሁለተኛው ጥያቄ መልስ እንደማይፈልግ ሁሉም ያውቃል። በንጹሕ ቅጽ ላይ ደግሜ ሞላሁ።

ታኅሣሥ 15

ቅጾቹ ሄዱ። ከጉና የሚወርደው ነፋስ መስኮቱን ሲደበድበው ዋለ። የተከራየሁበት ቤት እመቤት ዘቢባ ከገበያ ተመልሳ «ዛሬ ደግሞ ፊትሽ ምን መስሏል?» አለችኝ። ሥራ ነው አልኳት። «ሥራማ እኔም አለኝ፤ ጨው ስሸጥ ውዬ ፊቴ ጨው አልመሰለም» ብላ ገባች። 

ጥር 20

ከኮምፒዩተሩ የወጣው ወረቀት መጣ። ሰፊ ነው፤ ዳርና ዳሩ ቀዳዳ ቀዳዳ። ዘንድሮ የተቻኮሉት ለኮታው ነው፤ እያንዳንዱ ማኅበር ለመንግሥት የሚያስገባው እህል የሚመደበው በዚህ ቁጥር ነው።

ዛራ፣ ጤፍ፣ ኩንታል በሄክታር፦ 0።

ጥቁር ውኃ፣ ጤፍ፣ ኩንታል በሄክታር፦ 6።

ለብቻዬ አሰላሁት። የጥቁር ውኃ አማካይ 0.54 ነው፤ በሄክታር 3.4 ኩንታል ገደማ። የዛራ 0.41፤ 2.6 ገደማ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ኩንታል አይሞላም። ወረቀቱ ላይ አንዱ ጥጋብ ነው፣ አንዱ ባዶ።

ሞላ በቀይ አሰመረበት። «ጥቁር ውኃ! አየሽ፣ ጠንካራ ማኅበር እንዲህ ይታወቃል።» ዛራ ከኮታ ነፃ ሆኖ እርዳታ ከሚሰጣቸው ጋር ተመዘገበ። የጥቁር ውኃ ኮታ ከአምናው ከፍ ብሏል።

ጥር 24

አዲስ አበባ ላለው የኮምፒዩተር ክፍል ፈቃድ ሳላገኝ ደወልኩ። መስመሩ እስኪገኝ ግማሽ ቀን ሄደ። ያነሳው ወጣት ድምፅ ነው፤ ትሑት። ትሕትናው ነው የበለጠ ያናደደኝ።

«የጥቁር ውኃ የመጀመሪያው ማሳ 0.55 ነው» አልኩት።

«ይቅርታ፣ እሱ ቁጥር እኛ ዘንድ የለም።»

«እኔ ዘንድ አለ።»

«እኛ ዘንድ ያለው አንድ ነው።»

«ከ0.55 የመጣ አንድ ነው ይሄ!»

«ከየትም ይምጣ፣ እትዬ። አንዴ ካርዱ ላይ ከተበሳ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። አንድ ኪሎ የሞላውም፣ ግማሽ የነበረውም እኛ ጋ አንድ ዓይነት ቀዳዳ ነው።»

«እሺ፣ አንድ በ625 ቢባዛ ስድስት ነጥብ ሁለት አምስት ኩንታል ይመጣል። ለምን 6 ብቻ አላችሁ?»

«ሲወጣም ይጠጋል።»

ሲገባም ይጠጋል፣ ሲወጣም ይጠጋል። ስልኩን ጠረቀምኩት። የስልክ ቤቷ ልጅ «የመንግሥት ንብረት ነው» አለችኝ። ልክ ናት።

የካቲት 2

አባ እሸቴ ቢሮ መጡ። ከሌሊት ጀምረው በእግራቸው ነው የመጡት። ሳይቀመጡ ጀመሩ።

«ስድስት ኩንታል ከየት አመጣሽብን?»

አስረዳኋቸው። ሳጥኖቹን በወረቀት ላይ ሥዬ አሳየኋቸው፤ ነጥቡ የሚወድቅበትን፣ ግማሹ አንድ የሚሆንበትን። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ዛራስ ስንት መዘነ?»

«አንዱ ማሳ ዜሮ ነጥብ አራት አምስት።»

«የእኛስ የውዴው?»

«ዜሮ ነጥብ አምስት አምስት።»

 ቀጥለው መዳፋቸውን ከፈቱና ጨበጡት። «ይቺን ታህል ናት» አሉ።

ሳጥኖቹን የሣልኩበትን ወረቀት አጠፍኩት።

«ንገሪያቸዋ! ጤፉን ያበዛነው እኛ ነን፣ ምርቃት ነው፣ ከካሬዋ አልወጣም በያቸው። ያለ እሱ እንደ ዛራ ባዶ አይደለም የምንባለው?»

«ልኬቱን አበላሻችሁ ብለው በእናንተ ላይ ይዞራሉ፣ አባ።»

«ምን ብለው? አበዛችሁ ብለው ሊያስሩን?»

ጸሐፊዎቹ ጆሯቸውን አቁመው ነበር። ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ አልኳቸው። ለ0.54 እንደምከራከር፣ ኮታው ግማሽ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ነገርኳቸው። እሱ ትክክለኛው መንገድ ነው። የተመዘነው 0.54 ነው፤ ያልተመዘነ ቁጥር ይዤ መከራከር አልችልም።

«እሺ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» ብለው ወጡ። ውኃ እንኳ አላቀረብኩላቸውም።

የካቲት 3

ጻፍኩ። «በታኅሣሥ 7 ቀን በጥቁር ውኃ በተካሄደው ልኬት ላይ . . .» እስከሚለው ደረስኩ። አሻጥር የሚባል ቃል አለ በዚህ ዘመን። ባለፈው ዓመት ከእርሻው ክፍል አንዱን ለጠፋ አንድ ጠርሙስ የተባይ መድኃኒት ነው አሻጥር ብለው የወሰዱት፤ ሚስቱ አሁንም በር በር እያንኳኳች ናት።

ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። አጻጻፉ አላማረኝም።

የካቲት 9

ስብሰባ። ሞላ፣ ከኮሚቴው አንድ ካድሬ፣ የኮታ ሰብሳቢዎቹ ተወካይ፣ እኔ። አባ እሸቴ በሩ አጠገብ ወንበር ተሰጣቸው። ከሁለት አብዮት ጥበቃዎች መካከል ነው።

ስለ 0.54 ተናገርኩ። የመስክ ወረቀቱን አወጣሁ፤ አሰላሁት፤ በሰሌዳው ላይ ጻፍኩት።  ካድሬው አዛጋ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ» አለ ሞላ። «እነዚህ ቁጥሮች፣ ሁሉም፣ ከግማሽ በላይ ናቸው አይደሉም?»

«ግማሽና ከግማሽ በላይ ናቸው። ግን . . .»

«ግን የለም። መመሪያው ግማሽና ከግማሽ በላይ ወደ አንድ ይጠጋ ነው የሚለው። ታዲያ ስህተቱ የት ላይ ነው?»

«መመሪያው ነው ስህተቱ!»

 ካድሬው ማዛጋቱን ተወ። ሞላ ፈገግ ብሎ ወደ ፊት ጠጋ አለ፤ ይህን ሲጠብቅ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

«መመሪያውን እንተወውና ያንቺን ሥራ እንይ። የጥቁር ውኃ ልኬት በደንቡ ነው የተካሄደው?»

«መርፌው የቆመበትን ነው የጻፍኩት።»

«እሱን አልጠየቅኩም። የተመዘነው ከካሬዎቹ የወጣው ብቻ ነው? ምንም አልተጨመረም፣ ምንም አልተቀነሰም? አዎ ወይስ አይደለም?»

የነገረው ሰው አለ ማለት ነው፤ ወይም ጸሐፊዎቹ ናቸው። ወይም ደግሞ ሁሉንም እንዲህ ነው የሚጠይቀው። አባ እሸቴ ዓይናቸውን ገልጠው ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ገልጠው ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው።

«አዎ» አልኩ።

«ይመዝገብ» አለ ሞላ።

አባ እሸቴ ቃል አልተነፈሱም። እኔን ሐሰተኛ ናት ማለት ይችሉ ነበር። ከወንበሩ ሲያስነሷቸው ባርኔጣቸው ወደቀ፤ ከአብዮት ጥበቃዎቹ አንዱ በእግሩ ወደ በሩ ገፋው። እህል በመደበቅ ተጠርጥረው ኮታው እስኪገባ ድረስ ታስረው ይቆያሉ ተባለ።

የካቲት 10

እሳቸውም እኮ አልተናገሩም።

የካቲት 12

ቢሮ አልገባሁም፤ ራስ ምታት ነው። ዘቢባ በሩን ከፍታ ቆመች። «ሽማግሌ አሳስረሽ ተኝተሻል ይላሉ በገበያ። እውነት ነው?»

«እኔ ያሳሰርኩት ሰው የለም፣ እትዬ ዘቢባ። ቁጥር ነው ያሳሰራቸው።»

«ቁጥሩ እጅ አለው?»

ሌላ ቤት መፈለግ አለብኝ።

የካቲት 23

ዘቢባ ከገበያ ስትመለስ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ጓዳ ሆና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው የምትናገረው፣ እንድሰማ።

«የጥቁር ውኃ ሰዎች በሬ አውጥተዋል። ጥንድ ጥንዱን! ቆዳና አጥንት ነው ግን በሬ ነው። የእርሻ በሬ በየካቲት የሚሸጥ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«ለምን ይሸጣሉ?»

«አታውቂማ! ጤፍ ሊገዙ ነዋ። ከነጋዴ ገዝተው፣ ጆንያውን ተሸክመው፣ ያመረትነው ነው ብለው ለመንግሥት ያስገባሉ። ሽማግሌያቸው እንዲፈታ።» ድስት ሲጋጭ ሰማሁ። «የሚሸጥላቸው ማን እንደሆነ ልንገርሽ? ዛራዎች። እርዳታው ደርሷቸው የራሳቸውን ጤፍ ገበያ አውጥተዋል። ሐሰን ሱቅ ፊት ለፊት ሲለኩላቸው አየሁ። ቁናውን እንዴት በክንዳቸው ጠርገው ጠርገው እንደሚለኩ ብታዪ!»



የካቲት 24

ገበያ ሄጄ አየሁ። እውነት ነው። ውዴ ነበረች፤ ሁለት ጆንያ ላይ ተቀምጣ ሚዛን ትጠብቃለች። በሬ የላትም። ከጎኗ ትንሽ ሥልቻ ነበር፣ አፉ በጠፍር የታሰረ። ለዘር የሚቀመጥ እህል እንዲህ ነው የሚታሰረው፤ ያደግኩት ገበሬ ቤት ነው፣ ይሄ አይጠፋኝም።

አየችኝ። ፊቷን አላዞረችም፤ ሰላምታም አልሰጠችኝም። እዚያ የሌለሁ ያህል ወደ ኋላዬ አየች።

መጋቢት 6

ሞላ ዛሬ ደስ ብሎታል። የጥቁር ውኃ ኮታ ተሟልቶ ገብቷል፤ ከመቶ መቶ። ሪፖርቱን ራሱ ጽፎ አነበበልኝ፦ «በኮምፒዩተር የተገኘው ግምት በተግባር ተረጋግጧል። ስድስት ኩንታል መመረቱን ያስተባበሉ ወገኖች የነበሩ ቢሆንም የገባው እህል ማስረጃ ሆኗል።»

«ያስተባበሉ ወገኖች ማለት እኔ ነኝ?»

«ስም አልጠቀስኩም» አለ። «ላንቺ ብዬ ነው። እዚህ ጋ አረጋጋጭ ይላል፤ ፈርሚበት።»

«የገባው እህል ከገበያ የተገዛ ነው። ከተማው ሁሉ ያውቃል።»

«ከየት እንደመጣ ጆንያው ላይ ተጽፏል?»

የአዲስ አበባው ልጅም በስልክ ይህንኑ ነበር ያለኝ።

ሪፖርቱን ወስጄ አየሁት። የታዘዘው መጠንና የገባው መጠን እኩል ናቸው። መደመሩ ልክ ነው። ማባዛቱም ልክ ነው። አንድም የስሌት ስህተት አላገኘሁበትም፤ ሁለት ጊዜ ነው የፈለግኩት። ለመጪው ዓመት ዕቅድ መነሻ የሚሆነውም ይኸው 6 እንደሆነ ከታች ተጽፏል።

«መርፌው የቆመበትን ነው የጻፍኩት ብለሽ የለም? እኔም የኮታ ሰብሳቢዎቹ ሚዛን ያለውን ነው የጻፍኩት» አለኝ።

ፈረምኩ። ፊርማዬ ጥሩ ነው፤ ሁልጊዜም ጥሩ ነው።

መጋቢት 7

ጸሐፊዎቹ ሻይ ይዘውልኝ መጡ። ከዚህ በፊት አድርገውት አያውቁም።

አልጠጣሁትም። አንዷ «ኮርታለች» አለች፣ ሳልርቅ።

መጋቢት 11

አባ እሸቴ ተፈቱ። የነገረኝ የለም፤ ከመስኮቱ አየሁ። ባዶ ራሳቸውን ነው የወጡት። አንድ ሰው ሊቀበላቸው መጥቶ ነበር፣ ደግፎ በባሕር ዛፎቹ ሥር ይዟቸው ሄደ። ወርጄ ልድረስባቸው ብዬ ተነሳሁ። ሞላ «የት ነው?» አለኝ። የት እንደሆነ ስላላወቅኩ ተቀመጥኩ።

ሚያዝያ 5

ለመጪው ዓመት ልኬት ዕጣ ወጣ። የዕጣ ካርዶቹን ያገላበጥኩት እኔ ነኝ፣ ያወጣው ሞላ ነው። ጥቁር ውኃ ደግሞ ወጣ። ዕጣ ነው፤ ማንም ምንም አላደረገም።

ከሥራ ስወጣ በከብት ገበያው በኩል አለፍኩ። በዚያ የማልፍበት ምክንያት አልነበረኝም። አባ እሸቴ ከድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እጃቸው ላይ የተጠቀለለ ጠፍር ይዘዋል፣ የሚጠምዱበት ነገር የለም።

«እንዴት ዋሉ፣ አባ እሸቴ?»

ተነሱልኝ። ሽማግሌው ለእኔ ተነሱልኝ። «ደህና። አንቱስ እንዴት ዋሉ?»

አንቱ አሉኝ። ልጄ ነበር የሚሉኝ። ይቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ፤ እኔ እስክሄድ ቆመው ሊጠብቁ ነው።

ምን ልበል? «ዕጣው እንደገና ለእናንተ ወጥቷል። ኅዳር ላይ እንመጣለን» አልኩ።

«ምን ልትለኩ?»

«ማሳውን።»

«ማሳውማ አለ፤ የሚሄድበት የለውም» አሉ። «በሬው ነው የሄደ። ዘሩ ነው የሄደ። ውዴም ልጆቿን ይዛ ወደ ወረታ ወርዳለች፣ ቤቷን በእሾህ ዘግታ። ኑና ለኩት። የሚያስቸግራችሁ ሰው አታገኙም።»

ቆሜ ቀረሁ። እሳቸውም ቆመው ቀሩ። መጨረሻ ላይ እኔ ነኝ የሄድኩት።

ቢሮ ተመለስኩ። ዕጣ የወጣለት ማሳ ሳይታረስ ቢገኝ እንዴት እንደሚሞላ መመሪያው ውስጥ ፈለግኩ። አለ፤ አራተኛው ገጽ ላይ ነው። በሁለቱም ሳጥኖች ዜሮ ይጻፍ ይላል። በዚህኛው ላይ የሚጣልም የሚጠጋም የለም።